ከጎዳና ወደ ቤት፦ ያደገን ትንሽ ውሻ ተቀብሎ ማኖር በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ ዕድገቱን የጨረሰና አካሉ አነስተኛ የሆነን የጎዳና ውሻ ወደ መኖሪያ ግቢ ተቀብሎ ማኖር በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ፣ ምን እንደሚጠይቅ ያብራራል። ጉዳዩ በአራት አቅጣጫ ይታያል፦ የውሻው ዕድሜና ጠባይ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የደጋው ብርድና የቤተሰቡ ማዕድ፣ እንዲሁም ከግቢው ውጭ ያሉ በጎችና የዱር እንስሳት። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አንድን ውሻ ከጎዳና ማንሣት ብቻውን ለውሻውም ሆነ ለአካባቢው የተሟላ ጥቅም አያስገኝም የሚል ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘው ክትባት፣ የትላትል መከላከያ፣ ማምከንና ትዕግሥት የተሞላበት ማላመድ አብረው ሲሄዱ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የጎዳና ውሻ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ማላመድ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ሰሜን ሸዋ

1. መግቢያ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ውሻ ከጥንት ጀምሮ የሥራ እንስሳ ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በረት እንዳይቀርብ፣ ሌባ አጥር እንዳይዘል ይጮኻል፤ በምላሹም ከማዕድ የተረፈውን ያገኛል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህንኑ የውለታ ግንኙነት በአጭሩ ይገልጻል። በዚህ ልማድ የውሻው ቦታ ደጅ ነው፤ ተፈላጊውም ግዙፍና ድምፁ የሚያስፈራ ውሻ ነው። አነስተኛ ውሻን ለጓደኝነት ብሎ በቤት ውስጥ መያዝ የቤተ መንግሥትና የባለጸጎች ወግ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ ሉሉ የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ለዚህ በሰፊው የሚታወቅ ምሳሌ ነው።

የከተማ ኑሮ ይህን ልማድ ቀስ በቀስ እየለወጠው ነው። በጠባብ ግቢና በጋራ መኖሪያ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ትልቅ የጥበቃ ውሻ መመገብም ማሳደርም አስቸጋሪ ነው። በሌላ በኩል በሉካንዳ ቤቶች ደጃፍ፣ በገበያና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚውሉ፣ ሰው የለመዱና አካላቸው ያነሰ ውሾች በየሰፈሩ ይታያሉ። ከእነዚህ አንዱን ወስዶ ማኖር የርኅራኄ ተግባር ነው። ሆኖም በደጋው የእብድ ውሻ በሽታ ከሰውም፣ ከቤት እንስሳም፣ ከዱር እንስሳም ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ውሳኔው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ብቻ አይቀርም። ስለዚህ ተግባሩ እንዴት ሲከናወን እንደሚጠቅም፣ እንዴት ሲከናወን ደግሞ እንደሚጎዳ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

2. ያደገ ውሻ ከቡችላ በምን ይለያል?

ውሻ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ቡችላ ይመርጣል። ምርጫው ምክንያት አለው። ስኮትና ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ታዋቂ የውሻ ጠባይ ጥናት እንዳመለከቱት፣ ቡችላ ሰውንና ሌሎች እንስሳትን ያለ ፍርሃት የሚቀበልበት ልዩ ወቅት ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ከሰው ጋር ያልተገናኘ ውሻ ካደገ በኋላ ሰውን መልመድ በእጅጉ ይከብደዋል።

ይሁን እንጂ ይኸው ግኝት ያደገን ውሻ መምረጥንም ይደግፋል። የቡችላ የወደፊት ቁመትና ጠባይ በግምት የሚታወቅ ሲሆን፣ ያደገ ውሻ ግን ሁለቱንም ይዞ ይቀርባል። ሰው ሲጠራው ጅራቱን እየቆላ የሚቀርብ፣ ሕፃናት ሲሮጡ የማይደነብር፣ ምግቡን ሲነኩበት የማያጉረመርም የጎዳና ውሻ በዚያ ወሳኝ ወቅት ከሰው ጋር ስለመኖሩ ምልክት እየሰጠ ነው። ሰው ሲያይ ሁልጊዜ ርቀቱን የሚጠብቅና ጥግ ሲይዝ ጥርሱን የሚያሳይ ውሻ ደግሞ በቤት ውስጥ መታጎሩ ራሱ ሥቃይ ሊሆንበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ባለበት መመገብና ማስከተብ የተሻለ እርዳታ ነው።

ትንሽነትንም ከልጅነት መለየት ያስፈልጋል። አስተማማኙ ምልክት ጥርስ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች ሲኖሩት፣ ያደገ ውሻ 42 ቋሚ ጥርሶች አሉት፤ ለውጡም በአብዛኛው በ7ኛው ወር ይጠናቀቃል። ከዚያ በኋላ የጥርሱ መሸረፍና መበለዝ ዕድሜውን በግምት ያመለክታል። ይህን መርምሮ የሚነግረው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የማያውቁትን ውሻ አፍ በባዶ እጅ መክፈት ከሚከተለው በሽታ አንጻር ፈጽሞ አይመከርም።

3. ከመቀበል በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጉዳዮች

በጎዳና የሚታይ ውሻ ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም። በከተማም በገጠርም በርካታ ቤተሰቦች ውሻቸውን ቀን ወይም ሌሊት ይለቁታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰፈሩን መጠየቅ ነው። ሌሊቱን ከውሾቹ ጋር የሚያሳልፉት ዘበኞች፣ የሉካንዳ ሠራተኞችና የሱቅ ባለቤቶች የትኛው ውሻ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ሰው እንደነከሰ፣ የትኛው በቅርቡ ከሌላ ውሻ ጋር እንደተናከሰ ከማንም በተሻለ ያውቃሉ። ይህ መረጃ ለሐኪሙም የውሻው ያለፈ ታሪክ ሆኖ ያገለግላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕጋዊ ኃላፊነት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ያደረሰው ጉዳትም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም። ትናንት በጎዳና ሳለ ተጠያቂ ያልነበረው ውሻ ባለቤት ሲያገኝ ተጠያቂም ያገኛል ማለት ነው። አጥሩ ክፍተት ያለበት ግቢ፣ መዝጊያው የማይገጥም በር፣ የአንገት ማሰሪያ አለመኖር ከዚህ አንጻር ቀላል ጉድለቶች አይደሉም።

ሦስተኛው የቤተሰቡ ስምምነት ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዲገባ እንደማይፈቀድ ሁሉ፣ በብዙ ቤቶችም ወደ ምግብ ማዘጋጃና ወደ ጸሎት ቦታ እንዲቀርብ አይፈለግም። ውሻውን የሚያመጣው ወጣት፣ የሚመግበው ግን ሌላ የቤተሰብ አባል ሊሆን ይችላል። ውሻው የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚመግበው፣ ቤተሰቡ ለበዓል ወደ ገጠር ሲሄድ ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ውሻው ወደ ጎዳና ይመለሳል። በሁለተኛው መጣል ደግሞ ምግቡን ፈልጎ የማግኘት ልምዱንና በሠፈሩ ውሾች መካከል የነበረውን ቦታ አጥቶ ይወጣል።

4. የእብድ ውሻ በሽታ

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደጻፉት በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1903) በአዲስ አበባ ከባድ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። በዓለም አቀፍ ደረጃ ሃምፕሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ግምት በሽታው በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎችን ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ በውሻ አማካይነት የሚመጣ ሲሆን፣ ከተጠቂዎቹ መካከል ሕፃናት ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ለማለት የሚያስደፍር ነው።

ለአዲስ ባለቤት አስቸጋሪው ነገር የበሽታው ድብቅነት ነው። ቫይረሱ በንክሻ ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ቀስ ብሎ ይጓዛል። በውሻ ይህ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር፣ አልፎ አልፎም እስከ 6 ወር ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ ጤናማ ሆኖ የሚታይ የጎዳና ውሻ ከሁለት ወር በፊት የተነከሰ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መኰንን ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ1972 በአገር ውስጥ ጤናማ ከሚመስሉ ውሾች ምራቅ ቫይረሱ መገኘቱን ዘግበዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት የቤተ ሙከራ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ የተገኘው የቫይረስ ዓይነት የተሰጣቸው ውሾች ምልክት ከማሳየታቸው እስከ 13 ቀን ቀድመው ቫይረሱን በምራቃቸው ያስወጡ ነበር። የነከሰን ውሻ ለ10 ቀናት ማየት የተለመደ አሠራር ነው፤ ሆኖም ከላይ ያለው ግኝት የተነከሰው ሰው «ውሻው ይታይ» ተብሎ ሕክምናውን ማዘግየት እንደሌለበት ያስገነዝባል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ውሻው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወይም በገባበት ዕለት በወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይከተብ። የመጀመሪያው ክትባት አስተማማኝ መከላከያ የሚያስገኘው ከ28 ቀናት ገደማ በኋላ ነው። ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ ማስቆሙ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሻው ከሌሎች ውሾች ተለይቶ በግቢ ይቆይ፤ ሕፃናትም ፊታቸውን እንዲልሳቸው አይተዉት። የጠባይ ለውጥ፣ የድምፅ መሻከር፣ የታች መንጋጋ መውደቅ፣ ለሃጭ መብዛት፣ እንጨትና ድንጋይ መንከስ ከታዩ ውሻውን ሳይነኩ ዘግቶ ሐኪም መጥራት ይገባል። ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት እንጂ የውሻ መለያ አይደለም፤ ውሻው ውሃ ጠጣ ተብሎ ከበሽታው ነጻ ነው አይባልም።

ንክሻ ወይም ጭረት ካጋጠመ ቁስሉን በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ሕይወት ያድናል። በብዙ አካባቢዎች ተነካሹን መጀመሪያ ወደ ባህል መድኃኒት ዐዋቂ ወይም ወደ ጠበል መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። የእምነትን ማጽናኛ መሻት ከክትባት ጋር አይቃረንም፤ አደጋው ያለው ክትባቱ ለነገ ሲባል ቫይረሱ ወደ አንጎል የሚደርስበትን ጊዜ ማግኘቱ ላይ ነው።

5. ብርድ፣ ምግብና የጾም ወራት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከክረምት መውጫ በኋላ ባሉት ወራት ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ትንሽ አካል ከክብደቱ አንጻር ሰፊ የቆዳ ገጽ ስላለው ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ለትልቅ የጥበቃ ውሻ የሚበቃ የአጥር ጥግ ለትንሽ ውሻ፣ በተለይ ጸጉሩ አጭር ከሆነ፣ አይበቃም። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማይገባበትና ገለባ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ማደሪያ ያስፈልገዋል። ማደሪያው ጠባብ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰፊ ሣጥን በውሻው የሰውነት ሙቀት አይሞቅምና። በአንኮበር ገደላማ አካባቢ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፦ ትንሽ ውሻ ለጅብና ለነብር ቀላል አደን ስለሆነ ሌሊት ከተዘጋ በር ውስጥ ማደር አለበት።

የምግብ ፍላጎትም በክብደት ልክ አይወርድም። በእንስሳት ሕክምና የሚሠራበት ስሌት የውሻ የዕረፍት ጊዜ የኃይል ፍላጎት ክብደቱ በኪሎ ግራም ወደ 0.75 ከፍ ተደርጎ በ70 ሲባዛ ይገኛል ይላል። በዚህ መሠረት 6 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ወደ 268 ኪሎ ካሎሪ፣ 20 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ ወደ 662 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሲሰላ ትንሹ 45፣ ትልቁ 33 ያህል ይደርሰዋል። የዕለት እንቅስቃሴና ብርድ ሲጨመሩ መጠኑ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ትንሽ ውሻ ጥቂት ጥቂት፣ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ቢመገብ ይሻላል።

ውሻ በእንጀራና በዳቦ መኖር መቻሉ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። አክሰልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረጉት ጥናት ውሻ ከተኩላ በተለየ ስታርች ለሚፈጭ ኤንዛይም መመሪያ የሚሰጠውን ዘረ መል በብዙ ቅጂ እንደያዘ አሳይተዋል፤ ይህም ከሰው ማዕድ ጋር አብሮ የመኖር ውጤት ነው። ችግሩ እንጀራው ሳይሆን ወጡ ነው። የወጥ መሠረት የሆነው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ለማስከተል ይበቃል፤ ለ6 ኪሎ ውሻ ይህ ከ90 እስከ 180 ግራም፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት ራስ ሽንኩርት ነው። ለ20 ኪሎ ውሻ ብዙም የማይታወቀው የወጥ ትራፊ ትንሹን ሊያሳምመው ይችላል።

በዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት ከቤቱ ሥጋና ወተት ሲጠፋ የውሻው ምግብም አብሮ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ሽንኩርትና በርበሬ ሳይገባበት ለብቻው የተቀቀለ ምስር ወይም አተር ከእንጀራ ወይም ከገብስ ጋር መስጠት ይቻላል፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ ደግሞ እንቁላል ይጨመርለታል። በአንጻሩ በፍስክ ዕለት ከረጅም ጾም በኋላ ጮማና የተቀቀለ አጥንት በአንድ ጊዜ መስጠት አደገኛ ነው። የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል፤ ጮማውም ለጣፊያ አጠገቡ ለሚገኘው ቆሽት ሕመም ያጋልጣል።

6. የመላመድ ሂደት

ወደ አዲስ ቦታ የገባ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሳየው ጠባይ የዘወትር ጠባዩ አይደለም። ሄኔሲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በውሻ ማቆያ ባደረጉት ጥናት ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከፍ ብሎ እንደሚታይ አረጋግጠዋል። ውሻው አልበላም ቢል፣ ከአልጋ ሥር ቢገባ፣ ወይም ከተገመተው በላይ ጸጥ ቢል ከዚህ የሚመነጭ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ሁሉም ሰው ሊያባብለው መሞከሩ ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ በተወሰነ ሰዓት ምግብና ውሃ ይዞ መቅረቡ ነው። ዓይን ለዓይን አለማየት፣ ከፊት ሳይሆን ከጎን መቅረብ፣ እጅን ከራሱ በላይ ሳይሆን ከደረቱ በታች መዘርጋት ፍርሃቱን ይቀንሳሉ።

በውሻ ተቀባዮች ዘንድ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር የሚል የልምድ መለኪያ አለ፦ በሦስት ቀን ድንጋጤው ይበርዳል፣ በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለያል፣ በሦስት ወር ቤቱን የራሱ ያደርጋል። መለኪያው የሳይንስ ሕግ ባይሆንም ባለቤቱ ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ይረዳል። ልብ ሊባል የሚገባው ጠንካራ ጠባዮች፣ ለምሳሌ ምግብ መጠበቅ ወይም እንግዳ ላይ መጮኽ፣ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚሉት ውሻው ከተረጋጋ በኋላ መሆኑ ነው። ይህ መበላሸት ሳይሆን መላመድ ነው። በዱላ መቅጣት ደግሞ ውሻው ከመንከሱ በፊት የሚሰጠውን የማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ብቻ ያጠፋል፤ ፍርሃቱ እንዳለ ስለሚቀር ቀጣዩ ንክሻ ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

በበግና በዶሮ ግቢ የሚገባ ውሻ በገመድ ታስሮ፣ ከሩቅ እያየ፣ በተረጋጋ ቁጥር ምግብ እያገኘ ይለማመድ። ሴት ውሻ ከሆነች ማምከን ከመላመዱ ጋር አብሮ ይታሰብ። የእርግዝናዋ ጊዜ ወደ 63 ቀን ብቻ ሲሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ከጎዳና አንዲት ውሻ አንሥቶ ቡችሎቿን ወደ ጎዳና መመለስ የተጀመረውን በጎ ሥራ ያፈርሰዋል።

7. ከግቢው ባሻገር፦ በግና ቀይ ቀበሮ

ሰሜን ሸዋ የመንዝ በግ አገር ነው፤ በጎችን አንጎል የሚያጠቃውና እየተሽከረከሩ እንዲወድቁ የሚያደርገው የአዙሪት በሽታም ከውሻ ጋር የተያያዘ ነው። በበዓል ታርዶ የሚጣለውን የበግ ጭንቅላት ውሻ ሲበላ በአንጎሉ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት ወደ ኮሶ ትል ያድጋል፤ እንቁላሉ በዐይነ ምድር ወጥቶ ግጦሽ ላይ ይወድቃል፤ ሌላ በግ ይበላውና ዑደቱ ይቀጥላል። በጥሬ ጉበትና ሳንባ በኩል የሚተላለፈው የሌላው ኮሶ ትል እጭ ደግሞ በሰው ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይፈጥራል። ስለዚህ ውሻው በተቀበሉት ሳምንት ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት እንዲወስድ፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዘው ልዩነት እንዲደገምለት፣ ጥሬ የሆድ ዕቃና ጭንቅላትም ፈጽሞ እንዳይሰጠው ያስፈልጋል።

ከአንኮበር በስተሰሜን በመንዝ የሚገኘው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ደጋዎች አንዱ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የገራ ተወላጆች በቄሮ ሥርዓት የጓሳን ሣርና ግጦሽ በስምምነት ሲጠብቁ ኖረዋል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው ወደ 500 ገደማ ያደጉ እንስሳት ብቻ ቀርተውታል። ዋናው ሥጋቱ ከቤት ውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991–92፣ በ2003–04 እና በ2008–09 የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ጨርሷል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ለዚህም ነው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በቀበሮዎቹ መኖሪያ ዙሪያ የቤት ውሾችን ሲያስከትብ የቆየው።

የጎዳና ውሾችን በመርዝ ማጥፋት ለዚህ መልስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ በሽታውን የሚያስተላልፈው ከሁለት ላነሱ ውሾች መሆኑን ሃምፕሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳይተዋል። ስለዚህ ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ በሞትና በልደት የሚፈጠረውን መጓደል ጭምር ሸፍኖ ስርጭቱን ያቋርጣል። በመርዝ የሚሞቱት ውሾች ግን የተከተቡትንም ይጨምራሉ፤ ባዶውን ቦታና የተረፈውን ምግብ ያልተከተቡ አዳዲስ ውሾች ይወርሱታል። በዚህ ስሌት ተከትባና መክና በአንድ ግቢ የምትኖር ትንሽ ውሻ ከ70 በመቶው ውስጥ የምትቆጠር ናት፤ ሳትከተብ የተወሰደችው ግን ቦታ ከመለወጥ በቀር ስሌቱን አልለወጠችም።

8. መደምደሚያ

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ያደገን ትንሽ ውሻ ተቀብሎ ማኖር የሚቻልና የሚበረታታ ተግባር ነው። ያደገ ውሻ ጠባዩንና ቁመቱን አስቀድሞ ማሳየቱ ለጠባብ ግቢ ተስማሚ ያደርገዋል፤ ትንሽነቱ ግን ለብርድ፣ ለወጥ ትራፊና ለጅብ ያጋልጠዋል። ሕዝባዊ ጥቅሙ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚደረጉ ጥቂት ነገሮች ነው፦ በክትባት፣ በትል መድኃኒት፣ ውሻውን በግቢ በማቆየትና በማምከን።

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በውሻ አማካይነት በሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እ.ኤ.አ. በ2030 እንዳይኖር ግብ ጥለዋል። በሰሜን ሸዋ ግቡ በክትባት ዘመቻ ብቻ የሚደረስበት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ውሻ በስሙ የሚጠራውና በየዓመቱ ወደ ክሊኒክ የሚወስደው ሰው መኖር አለበት። በዘርፉ ቀጣይ ጥናት ለሚያደርጉ በደብረ ብርሃን ከጎዳና የተወሰዱ ውሾች ከአንድ ዓመት በኋላ ስንቶቹ በቤት እንደቀሩ፣ ስንቶቹ ክትባታቸው እንደታደሰ መከታተል ጠቃሚ መነሻ ይሆናል።